እናቴ ያልጠራችው ስም

ትምህርት ቤት ልመዘገብ የሄድንበትን ጠዋት ሳስታውሰው ሁልጊዜ ጭጋግ ውስጥ ነው የማየው። ሜዳው አይታይም፣ ዛፎቹ ግማሽ ድረስ የሉም፤ እናቴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ እጄን ይዛኛለች። መዝጋቢው መምህር ስሜን ጠየቃት፤ ነገረችው። የአባቴን ስም ጠየቃት፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ከለል አድርጋ እሱንም ነገረችው። "የአያትስ?" ሲላት ዝም አለች። መምህሩ ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ ጠበቃት። እሷ ግን ትከሻዬን ገፋ አደረገችና "ንገራቸው እንጅ፤ አንተ አታውቀውም?" አለችኝ።

"አዲስ" አልኩ።

እናቴ አንገቷን ሰበር አደረገች። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስታልፍ እንዲህ ነው የምታደርገው።

ከዚያ በኋላ የእናቴ አፍ ሆኜ አደግሁ ብል አላጋነንሁም። ጤና ጣቢያም ሆነ ቀበሌ፣ ማዳበሪያ የሚታደልበትም ቦታ፣ የባሏን አባት ስም የሚጠይቅ ሰው ባለበት ሁሉ የምገፋው እኔ ነኝ። በኛ መንደር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። አማትየው ራሱ አንድ ቀን "በይ ከእንግዲህ ልጀ ነሽ፤ ጥሪኝ" ብሎ አንዳች ነፍስ ያለው ነገር፣ ያለው ጊደር፣ የሌለው ጠቦት፣ በእጇ ካላስያዛት በቀር ስሙ ከአፏ አይወጣም። ሌሎቹ ሴቶች አማታቸው ከሞተ ወዲያ ነገሩን ይረሱታል፤ ማን ሰምቶ ማን ይቀየማቸዋል? የኔ እናት ግን አልረሳችም። አያቴ የሞቱት እኔ ጡት ሳልጥል ነው፤ ጊደሩንም ጠቦቱንም ሳይሰጧት።

እንግዲህ የሰውየው ስም ሌላ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። "አዲስ" ግን ሰው ከአልጋው ሲነሣ ጀምሮ አፉ ላይ የሚመጣ ቃል ነው። እናቴ ዙሪያውን እየዞረች ታልፈዋለች። አዲስ ዓመት የሚባል ነገር እሷ ዘንድ የለም፤ "ዘመን መለወጫ" ነው። ቀሚስ ሲገዛላት "ገና ውሃ ያልነካው" ትለዋለች። ወንድሟ አዲስ አበባ ሲሄድ "ሸዋ ወረደ" ብላ ነው ለጎረቤት የምታወራው። "ምን አዲስ ነገር አለ?" ብሎ የሚጠይቃት ሰው "ያው ነው፤ የተሰማ የለም" የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ የንግግሯ ለዛ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሲቀልዱባት "እናትህ ዘንድ'ኮ ሁሉም ነገር አሮጌ ነው" ይሉ ነበር፤ እሷም እየሳቀች "በጀ፤ አሮጌ ይሁንላችሁ" ትላቸዋለች።

አያቴን አላውቃቸውም። ፎቶ የላቸውም። በሕልሜ ግን አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። ከፊታቸው ጭጋግ ነው። የሆነ ነገር ያወራሉ፤ ከማን ጋር እንደሆነ አይታየኝም፤ ድምፃቸውም ከሩቅ እንደሚሰማ ወንዝ ነው። ይህን ሥዕል ከየት እንዳመጣሁት ብዙ ዘመን አላወቅሁም ነበር።

ልጄ የተወለደችው ፍኖተ ሰላም ነው። እኔ እዚያ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ የወሎ ልጅ ናት፣ ነርስ። ያኔ መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል፤ ሰው ሁሉ ነገን በጎሪጥ የሚያይበት ጊዜ ነበር። ወንድ ትሁን ሴት ሳናውቅ ባለቤቴ "ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም ፈልግ" አለችኝ። ብዙም አላሰብሁም። "አዲስ" አልኳት። የአያቴ ስም እንደሆነም ነገርኳት፤ ሆዷን እየዳበሰች ደጋግማ ሞከረችው፤ ወደደችው። አባቴ በስልክ ሲሰሙ ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ "ስምን መልአክ ያወጣዋል" አሉ።

እናቴን አላሰብኳትም። ያን ሁሉ ዘመን አፏ ሆኜ ኖሬ፣ በዚያች ቀን እንደው ጭራሽ ትዝ አላለችኝም።

ሴት ልጅ መወለዷን ስነግራት እልልታዋ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። "ማን አላችኋት?" አለችኝ። ነገርኳት። ስልኩ ውስጥ የደጃችን የባሕር ዛፍ ሽውሽውታ ብቻ ተሰማኝ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ" ስል፣ "አለሁ፤ በጀ። እሰይ። ያሳድግላችሁ" አለች። ከዚያ ስለ ሙቅና ስለ አጥሚት ብዙ ምክር ሰጠችኝ።

የሚገርመው፣ ያ ስም የታየው ለኛ ብቻ አልነበረም። ጊዜ ሲከፋ የሰው ምኞት አንድ ዓይነት ይሆናል መሰለኝ፣ ሰፈራችን በአዲስ ተሞላ። ፊት ለፊታችን ያለው ባጃጅ ነጂ ወንድ ልጁን አዲስ አለው። ወፍጮ ቤት ያለችው ሴትዮ ሴት ልጇን አዲስ አለቻት። ልጄ መዋለ ሕፃናት ስትገባ ክፍሉ ውስጥ ወንድ አዲስም ሴት አዲስም ጠበቋት። ከሰዓት በሩ ላይ ቆሜ ስሟን ስጣራ ሱሪም ቀሚስም ይዞርብኛል፤ ወላጆች እርስ በርሳችን እየተያየን እንስቃለን።

አጠራሩ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አስተማሪዋ ጠመኔ እንደሚሰበር አድርጋ ባጭሩ ትቆርጠዋለች። ባጃጅ ነጂው ከሞተሩ ጋር ስለሚፎካከር ጭራውን ይጎትተዋል፤ መጨረሻው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ባለቤቴ በወሎ ለስላሳ አንደበቷ "አዲሴዋ" ትላለች። የደብሩ ቄስ እንደ መጽሐፉ "ሐዲስ" ይሏታል። አባቴ ሲመጡ መሃሉ ላይ ቆም ብለው፣ ጠበቅ አድርገው፣ ከማዶ ማሳ ሰው እንደሚጠሩ ያወጡታል። ቅዳሜ ከሰዓት ጋደም ስል ከየግቢው በመስኮቴ የሚገባው ይኸው ስም ነበር። እንቅልፍና ንቃት መሃል ሆኜ፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያቴን የሚፈልጋቸው ይመስለኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ከነዚያ ድምፆች ውስጥ አንድ እንደጎደለ አላስተዋልሁም።

ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። ክርስትና ስትነሣ መንገድ ተዘግቶ እናቴ አልመጣችም። ከዚያም በስልክ ነበር፤ በስልክ ደግሞ "ልጂቱ እንዴት ናት?" ማለት ይበቃል። መንገዱ ተከፍቶ ሁለት ሦስቴ ከተያየን በኋላ አንድ ቀን ባለቤቴ ልብስ እያጠፈች፣ "እናትህ ልጄን በስሟ ጠርተዋት ያውቃሉ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ።

"ወንድ ነበር የፈለጉት መሰለኝ" አለች ባለቤቴ። "የወንድ አያት ስም ለሴት ስለወጣ ደበራቸው።"

አይደለም ብዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። እጇ ላይ ያለውን ትንሽ ሹራብ እንደያዘች ሰማችኝ። "ይህማ ለሞተ ሰው የተሰጠ ክብር ነው" አለች መጨረሻ ላይ። "ልጄ ግን በሕይወት አለች።" ሹራቡን ከእጇ ተቀብዬ አጠፍሁት።

እናቴ ለልጄ የማትሰጣት ስም አልነበረም። "የኔ ጌጥ" ትላታለች፣ "ወፌ" ትላታለች፣ "እሜትዋ" ትላታለች። በክርስትና ስሟም ሞክራ ነበር። ልጄ ሕፃን ሳለች ለሁሉም ትስቅ ነበር። አራት ዓመት ሲሞላት ግን ነገር መጣ። በክፍሏ ያ ሁሉ አዲስ ስላለ ይመስለኛል፣ ስሟን የሚነጥቃት ያለ ይመስል በሁለት እጇ ያዘችው። "ማሚቱ" ለሚላት ባለሱቅ እንኳ አትዞርም፤ "እኔ አዲስ ነኝ" ብላ ቆማ ትጠብቀዋለች።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እኔና እሷ ወደ ገጠር ሄድን፤ ባለቤቴ ተረኛ ስለነበረች ቀረች። ቡሬ ድረስ በሚኒባስ፣ ከቡሬ እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በታጨደው የጤፍ ማሳ መሃል ስሄድ ፀሐይዋ ለስለስ ያለች ነበረች። እናቴ ደጅ ላይ በርበሬ አስጥታለች፤ ግቢው ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ልጄን ስማ ስማ አልጠግብ አለች። ዶሮዋ ፈልፍላ ነበርና አንዷን ዳለቻ ጫጩት አንሥታ "ይህች ያንች ትሁን" ብላ በመዳፏ አስቀመጠችላት።

በማግሥቱ ጠዋት ነው ነገሩ የፈረጠው። እናቴ ትንሿን ቅርጫት ይዛ "ነይ የኔ ጌጥ፣ የሽምብራ እሸት እንልቀም" አለች። ልጄ በሩ አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከጫጩቷ ጋር ትጫወታለች፤ አልዞረችም። "ወፌ፣ ነይ እንጅ።" ዝም። "እሜትዋ፤ አልሰማሽኝም?" ዝም። እናቴ ቅርጫቱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔ ቀረብ ብዬ "አያትሽ ሲጠሩሽ አይሰማሽም?" ስላት፣ ቀና ብላ አየችኝና ድምፅዋን ሳትቀንስ፣

"እማማ'ኮ አትወደኝም" አለችኝ። "ስሜን እንኳ አታውቀውም።"

እናቴ ሰማች። ፊቷን አየሁት። በርበሬው አጠገብ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ባዶውን ቅርጫት ጭኗ ላይ አደረገች፤ እጆቿ የተበላሸውን ከደህናው መለየት ጀመሩ፤ ግን ደህናውንም ወደ ተበላሸው ትጥለው ነበር።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። "እማየ" አልኳት፤ "ሰውየው ካለፉ የኔ ዕድሜ ነው። ማን ይቀየምሻል?"

"ማንም አይቀየመኝም።"

"እና?"

አንድ ዛላ በርበሬ አንሥታ አገላበጠች። ከዚያ ዓይኗን ከበርበሬው ሳታነሣ ጀመረች።

"እዚህ ቤት ስገባ ልጅ ነበርሁ" አለች። "እናቴ ትናፍቀኛለች፤ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። አባትህ ያኔ ጎረምሳ ነው፤ ምን ያውቃል? የሰሙኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ እሳቸው እኔን አያናግሩ፣ እኔ እሳቸውን ቀና ብየ አላይ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ በርበሬ ይዛ ትወጣለች። ያንን ሁሉ ሕዝብ ሲያስሱ ውለው ያገኟታል። ሲመሻሽ ይመጡና በሬዎቹን ደጅ ያስራሉ፤ ያች ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከዚያ ለበሬው ይነግሩታል።"

"ለበሬው?"

"ለበሬው። 'አንተ ዳልቻ፣ ዛሬ ገበያ የምራቴን እናት አየኋት። ደህና ናት። ጉልበቷን ያማት የነበረው ተሽሏታል። ልጄን አይዞሽ በሉልኝ ብላለች' ይሉታል። እኔም ከውስጥ ሆኜ ለምሶሶው እመልሳለሁ። 'አንተ ምሶሶ፣ እኔም ደህና ነኝ፤ አላለቅስም በልልኝ' እላለሁ። እሳቸው በሬውን እያሻሹ 'ሰማህ ዳልቻ? አታለቅስም አለች' ይላሉ።" ፈገግ አለች። "እንዲህ እየተባባልን ኖርን። ከወለደኝ አባቴ እሳቸው አባቴ ነበሩ።"

ዞር ብዬ ድንጋዩን አየሁት። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች፤ ትንሿ ጋቢዋ ከትከሻዋ ተንሸራታለች፤ ከፊቷ ከማሳው ላይ ስስ ጉም ይነሣል። ሕልሜ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ አወቅሁ። ጡት የምጠባ ሕፃን ሆኜ ከእናቴ ጀርባ ላይ አይቻቸው ነበር ማለት ነው።

"ጊደሯን ለፋሲካ ሊሰጡኝ አስበው ነበር አሉ" አለች እናቴ። "በጾሙ ታመሙ፤ ፋሲካን አላዩም። አንድ ቀን እንኳ 'ስለ እናቴ እግዜር ይስጥልኝ' ሳልላቸው። እንግዲህ እኔ ከሳቸው ምን ቀረኝ? ያልጠራሁት ስማቸው ነው የቀረኝ። እሱን ከአፌ ካወጣሁት የሚያልቅብኝ ይመስለኛል፤ እፈራለሁ፣ ልጀ። ልጅህን ደግሞ እወዳታለሁ። በጣም ነው የምወዳት። ምን ላድርግ?"

እሷ በርበሬዋን ትለያለች፣ እኔ አብሬ እለያለሁ። ፀሐይዋ ወደ ጀርባችን ዞረች።

ልጄ ስትሰማን እንደነበር ያወቅነው ድምፅዋ ሲመጣ ነው። አልዞረችም። ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች፣ እግሯ ሥር የምትጭረውን ዶሮ እያየች፣

"አንች ዶሮ" አለች። "ለእማማ ንገሪያት። አዲስ ተቀይማለች በያት።"

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቆመ። እኔን አየችኝ፤ ዶሮዋን አየች። ከዚያ ሳታስበው የመጣላት ይመስለኛል፣ ጎንበስ አለችና በእጇ ላለው በርበሬ፣

"አንተ በርበሬ" አለችው፤ "ለዚያች ልጅ ንገራት። አያትሽ ትወድሻለች በላት።"

ልጄ አሰበች። "አንች ዶሮ፣ ከወደደችኝ ለምን አትጠራኝም በያት።"

"አንተ በርበሬ፣ አልተፈቀደላትም በላት።"

ዶሮዋ ምንም ግድ ሳይሰጣት ትጭራለች። ልጄ ከድንጋዩ ወረደች። ጫጩቶቹ መሃል ገብታ ትንሽ ተራወጠችና ያችን ዳለቻ ጫጩት በሁለት መዳፏ ይዛ መጣች። በተሰጣው በርበሬ ላይ ቀጥ ብላ ተራምዳ ነው የመጣችው፤ ማንም አልተቆጣትም። ጫጩቷን እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠችና፣

"ያዢ" አለቻት። "ፈቅጃለሁ። ጥሪኝ።"

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እናቴ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ራሴ ልስቅ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ጫጩቷን በግራ እጇ አቅፋ፣ በቀኝ እጇ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ሸፈነች፤ ሙሽራ ሆና በዚያ በር የገባች ዕለት እንደተሸፈነችው። ትንፋሿ ነጠላውን ሲያወጣው ሲያገባው ይታየኛል። ልጄ ከፊቷ ቆማ ትጠብቃለች።

"አዲስ" አለች እናቴ።

ያን ስም ስንት ሰው በስንት ዓይነት ሲጠራው ሰምቻለሁ። እንዲህ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ድምፅ በእግሯ እየሞከረች ወንዝ እንደምትሻገር ሰው፣ ግማሽ ሹክሹክታ አድርጋ ነው ያወጣችው። የወጣት ሴት ድምፅ ነበር።

"አቤት" አለች ልጄ።

እናቴ ከነጠላዋ ሥር ሆና፣ "ስለ እናቴ እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ልጄ ምን እንደተባለች አልገባትም። ትንሽ አሰብ አደረገችና "እሺ" አለች፤ ከዚያ ጫጩቷን ከአያቷ እጅ መልሳ ወሰደቻት።